ከቀዶ ሕክምና መቅደም ያለበት ምስል

በክንድ፣ በጭን፣ በትከሻ ወይም በጀርባ ላይ ቀስ እያለ የሚወጣ እብጠት በኢትዮጵያ የተለመደ ነው። ኅብረተሰቡም እንደ አካባቢውና እንደ እብጠቱ ሁኔታ እባጭ፣ ብጉንጅ፣ ንፍፊት ወይም ዕጢ የሚል ስም እየሰጠው ኖሯል። አብዛኛውን ጊዜ ሕመም ስለሌለው ባለቤቱ ለወራት፣ አልፎ አልፎም ለዓመታት ይዞት ይዞራል። ወደ ጤና ተቋም የሚሄደውም ልብስ ሲያጠብበት፣ ሥራ ሲያስተጓጉለው ወይም ሰው አይቶ ሲጠይቀው ነው።

ታማሚው ጤና ተቋም ከደረሰ በኋላ የሚነሳው ዋነኛ ጥያቄ እብጠቱ ካንሰር ነው ወይስ አይደለም የሚል ነው። የጥያቄው መልስ፣ ከዚያም በላይ መልሱ የሚፈለግበት ቅደም ተከተል፣ የታማሚውን እጅ ወይም እግር፣ አንዳንዴም ሕይወቱን ይወስናል።

ለስላሳ የአካል ክፍሎች የሚባሉት ስብ፣ ጡንቻ፣ ጅማት፣ ነርቭ፣ የደም ሥርና እነዚህን የሚያያይዙ ሕብረ ሕዋሳት ናቸው። በእነዚህ ላይ ከሚወጡት ዕጢዎች እጅግ የሚበዙት አደገኛ አይደሉም። በሕክምናው ዘርፍ በተለምዶ የሚጠቀሰው ንጽጽር ካንሰር ያልሆኑት ካንሰር ከሆኑት ቢያንስ በመቶ እጥፍ እንደሚበልጡ ያመለክታል። ካንሰር የሆኑት ሳርኮማ በሚል የጋራ ስም የሚጠሩ ሲሆን፣ በአዋቂዎች ላይ ከሚከሰቱ ካንሰሮች ያላቸው ድርሻም አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ችግሩን የሚያከብደው ይኸው ብርቅነቱ ነው። በአንድ አጠቃላይ ሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም ከቆዳ ሥር ያለ የስብ እብጠት፣ በሕክምና ስሙ ሊፖማ፣ በሳምንት ውስጥ ብዙ ጊዜ ሊያጋጥመው ይችላል። ሳርኮማ ግን ለዓመታት ላያይ ይችላል። ዘጠና ዘጠኙን እብጠት በማደንዘዣ መርፌና በአነስተኛ ቀዶ ሕክምና ያለ ምንም ችግር ያስወገደ እጅ መቶኛውንም በዚያው መንገድ ቢነካው የሚያስገርም አይሆንም። ጉዳቱ የሚጀምረው ግን እዚያ ላይ ነው።

ሳርኮማ ሲያድግ በዙሪያው ያለውን ሥጋ እየገፋና እያመቀ ሽፋን የሚመስል ነገር ይሠራል። ቀዶ ሕክምና የሚያደርገው ባለሙያ ይህን ሽፋን ተከትሎ ዕጢውን ሲያወጣው እንደ ፍሬ ተፈልቅቆ ይወጣል፤ ሥራውም በጥሩ ሁኔታ የተጠናቀቀ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሽፋኑ ራሱ የካንሰር ሴሎች የሰረጉበት በመሆኑ በሥፍራው የቀረው አካል ንጹሕ አይደለም። ከዚያ በኋላ የሚከተለው ሁለተኛ፣ ከመጀመሪያው እጅግ የሰፋ ቀዶ ሕክምና ነው። የደም መፍሰሱና የቁስሉ ጠባሳ የዕጢውን የመጀመሪያ ድንበር ስለሚያጠፉት ከዚያ በኋላ የሚነሳ ምስል የተረፈውን ካንሰር ከሚድን ቁስል ለመለየት ይቸገራል።

ይህ ሥጋት የመሣሪያ እጥረት ባለባቸው አገሮች ብቻ የሚታይ አይደለም። በአሜሪካ ቦስተን ከተማ የአጥንት ቀዶ ሐኪም የነበሩት ሄንሪ ማንኪን ከሙያ ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1982 እና በ1996 ያወጧቸው ሁለት ጥናቶች በዚህ ረገድ በተደጋጋሚ ይጠቀሳሉ። የአጥንትና የለስላሳ አካል ዕጢ የነበረባቸውን 597 ታማሚዎች የተመለከተው ሁለተኛው ጥናት፣ 18ቱ ታማሚዎች ከናሙና አወሳሰድ ጋር በተያያዘ ችግር ሳቢያ ሳያስፈልጋቸው እጅ ወይም እግራቸው መቆረጡን አመልክቷል። ናሙናው የመጨረሻውን ሕክምና በሚሰጠው ማዕከል ሳይሆን በላኪው ተቋም ሲወሰድ ስሕተቱና ጉዳቱ ከ2 እስከ 12 እጥፍ ከፍ ይል እንደነበርም ተመልክቷል። በሁለቱ ጥናቶች መካከል 14 ዓመታት ቢያልፉም ሁኔታው አለመሻሻሉን አጥኚዎቹ ገልጸዋል። የምስል መሣሪያ በተሟላበት አገር የታየ ውጤት በመሆኑ፣ ችግሩ ከመሣሪያው ይልቅ ከአሠራሩ ላይ እንደነበር መገንዘብ ይቻላል።

ለመሆኑ የምስል ምርመራ ምን ሊያደርግ ይችላል? ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት የምስሉ ተግባር የእያንዳንዱን ዕጢ ስም መጥራት አለመሆኑ ነው። የምስል ምርመራ በዋናነት ሦስት ነገር ይሠራል። ያለ ጥርጥር ካንሰር ያልሆነውን ከሕክምናው ወረፋ ያወጣል፤ የሚያጠራጥረውን ማንም እንዳይነካው ያስጠነቅቃል፤ ናሙናው ከየት በኩል መወሰድ እንዳለበትም ይመራል።

የመጀመሪያው መሣሪያ ኤሌክትሪክ እንኳን የማይፈልገው የሜትር ጥቅልል ነው። ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ፣ በመጠን እያደገ የሚሄድ፣ ከጡንቻ ሽፋን በታች ጠልቆ የተቀመጠ ወይም ሕመም ያለው እብጠት ተለይቶ እንዲመረመር በተለያዩ አገሮች የሕክምና መመሪያዎች ላይ ሰፍሯል። እንግሊዛውያን መጠኑን ለሕዝብ ለማስረዳት የጎልፍ ኳስን ይጠቀማሉ፤ በኢትዮጵያ የዶሮ ዕንቁላል ቢባል ለሁሉም ግልጽ ይሆናል። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው መመሪያ ምክንያቱ ያልታወቀና እያደገ ያለ እብጠት የታየበት አዋቂ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ሕፃን ወይም ወጣት ከሆነ ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ በአልትራሳውንድ እንዲታይ ይመክራል።

ራጅ ለዚህ ሥራ እንደማይጠቅም ተደርጎ መታየቱ አግባብ አይደለም። ለምሳሌ ጡንቻ ከተመታ በኋላ በውስጡ አጥንት መሰል ነገር የሚሠራበት ሁኔታ አለ። ይህ እብጠት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኤም አር አይ ሲታይ እጅግ አስፈሪ ካንሰር ይመስላል፤ ናሙና ቢወሰድለትም መርማሪውን ሊያሳስት ይችላል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሚነሳ ተራ ራጅ ግን እንደ ዕንቁላል ቅርፊት ዙሪያውን የከበበ የካልሲየም ክምችት ሲያሳይ ጥያቄው ይዘጋል። በደም ሥር እብጠቶች ውስጥ የሚታዩ ክብ ጠጠሮችም እንዲሁ በራጅ ይለያሉ። በርካሹ መሣሪያ የሚፈታውን ጥያቄ ውድ በሆነው ለመፍታት መሞከር ወጪም ስሕተትም ያስከትላል።

አልትራሳውንድ ጨረር የማይጠቀም፣ በዋጋው ተመጣጣኝና ከእናቶች ክትትል ጋር በተያያዘ ወደ ታችኛው የጤና ተቋማት የደረሰ በመሆኑ በኢትዮጵያ ሁኔታ ከፍተኛ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። እብጠቱ ውኃ የቋጠረ ወይስ ሥጋ የሞላበት መሆኑን ወዲያው ይለያል። ከቆዳ ሥር ያለ፣ አነስተኛና ወጥ የሆነ የስብ እብጠትን በሠለጠነ ሰው እጅ በአስተማማኝ ሁኔታ ያሳያል። ዶፕለር የተባለው ክፍሉ በእብጠቱ ውስጥ ያለውን የደም ዝውውር ስለሚያሳይ ያልተስተካከለ የደም ሥር መረብ ሲታይ ጥርጣሬ ይነሳል። ጠልቆ የተቀመጠን ወይም ትልቅ የሆነን እብጠት ግን አልትራሳውንድ ብቻውን ነጻ ነው ብሎ ሊያሰናብተው አይገባም። በተጨማሪም የፅንስ ክትትል ለማድረግ የሠለጠነ ባለሙያ የጡንቻ ዕጢን ለማንበብ ሠልጥኗል ማለት አይደለም፤ መሣሪያው አንድ ቢሆንም ሙያው ይለያያል።

ለጠለቁና ለትልልቅ እብጠቶች ዋነኛው መሣሪያ ኤም አር አይ ነው። ይህ መሣሪያ በሰውነት ውኃና ስብ ውስጥ የሚገኘው ሃይድሮጅን ለማግኔትና ለሬዲዮ ሞገድ የሚሰጠውን ምላሽ ወደ ምስል ይለውጣል። በአንዱ የአነሳስ ዘዴ ስብ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ በሌላው ደግሞ የስብ ምልክት እንዲጠፋ ይደረጋል። በመጀመሪያው ነጭ የነበረው እብጠት በሁለተኛው እንደ ቆዳ ሥር ስብ ሙሉ በሙሉ ከጠቆረ ሊፖማ ለመሆኑ ጠንካራ ማስረጃ ነው። ዕጢው ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ፣ በውስጡ ወፍራም ግድግዳዎች ወይም ስብ ያልሆኑ ጓጎሎች ከታዩበት ግን ከስብ የሚነሳ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ጥርጣሬው ይጨምራል። እዚህም ላይ ቢሆን ድንበሩ የጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት ከተመለከታቸው ሊፖማዎች ሲሶ ያህሉ ስብ ያልሆነ ክፍል በጉልህ እንደታየባቸው አመልክቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የመጨረሻውን መልስ የሚሰጠው በናሙናው ላይ የሚደረግ የዘረመል ምርመራ ነው።

ብዙዎችን የሚያሳስተው የዕጢው ጠርዝ ነው። ጠርዙ የጠራ እብጠት ደህና፣ ጠርዙ የተዘበራረቀ ደግሞ ካንሰር ይመስላል። በለስላሳ አካል ዕጢዎች ላይ ግን ይህ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ሳርኮማ ክብና ጠርዙ የተስተካከለ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ በአንጻሩ ወደ ሌላ አካል የማይሠራጨው ዴስሞይድ የተባለው ዕጢ በጡንቻዎች መካከል እንደ ሥር ተሰግስጎ ይገኛል። ሲኖቪያል ሳርኮማ የተባለው ዓይነት ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ አንዳንዴም ትንሽ በመሆኑ ለዓመታት ደህና እብጠት መስሎ ይቆያል። እንደ ዝልግልግ ያለ ይዘት ያላቸው ሳርኮማዎች ደግሞ በኤም አር አይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይመስላሉ። ለዚህም ሲባል ጋዶሊኒየም የተባለው ማድመቂያ በደም ሥር ይሰጣል። ውኃ የቋጠረው ከረጢት ከዳር ግድግዳው በቀር ማድመቂያውን አይቀበልም፤ ሕይወት ያለው ዕጢ ግን ከውስጡ ይደምቃል።

ታማሚው ራሱ የሚናገረው ታሪክም ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ሊመራ ይችላል። እብጠቱን ያስተዋለው ከወደቀ ወይም ከተመታ በኋላ ከሆነ ምክንያቱን ከአደጋው ጋር ያያይዛል፤ ሐኪሙም የረጋ ደም ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። የረጋ ደም ግን በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ መሄድ አለበት። ካልቀነሰ ወይም ከጨመረ በውስጡ የሚደማ ሳርኮማ ሊሆን ስለሚችል በማድመቂያ የታገዘ ምርመራ ያስፈልገዋል። በኢትዮጵያ ሁኔታ ጉዳዩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ዕጢ ሳይሆኑ ዕጢ የሚመስሉ በሽታዎች መብዛታቸው ነው። የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ በጡንቻ ውስጥ የሚያጠራቅመው ሙቀት የሌለው መግል፣ በጡንቻ ውስጥ የሚፈጠር ሌላ መግል፣ ከውሻና ከበግ ጋር የተያያዘው የሃይዳቲድ ከረጢት፣ እንዲሁም በባዶ እግር የሚሠሩ ገበሬዎችን የሚያጠቃው ማይሴቶማ ሁሉም በእብጠት መልክ ይመጣሉ። ከእነዚህ መካከል ማይሴቶማ እ.ኤ.አ. በ2016 በዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት ካጡ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። በኤም አር አይ ሲታይም በየክቡ መካከል ነጥብ ያለበት ልዩ ምልክት ያሳያል። ስለሆነም በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ መማሪያ መጻሕፍት ላይ የሠፈረው የዕጢ ዝርዝር እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። መግል ነው ተብሎ በምላጭ የተቀደደ ሳርኮማ የመኖሩን ያህል፣ ካንሰር ነው ተብሎ ታማሚውን ከቤተሰቡ ጋር ያስለቀሰ፣ ነገር ግን በነቀርሳ መድኃኒት የሚድን እብጠትም ይኖራል።

ምስሉ የቱንም ያህል ጥራት ቢኖረው አጠራጣሪው ዕጢ በመጨረሻ በናሙና መረጋገጥ አለበት። በአገሪቱ በስፋት የሚሠራበት የቀጭን መርፌ ምርመራ ርካሽና ፈጣን በመሆኑ ብዙ አገልግሎት ይሰጣል። ለሳርኮማ ግን ሴሎቹን ብቻ ሳይሆን አደራደራቸውን ማየት ስለሚያስፈልግ ወፍራም መርፌ ይመረጣል። ዋናው ነጥብ ኤም አር አይ ከናሙናው በፊት መነሳቱ ነው። የመርፌው መንገድም ኋላ ቀዶ ሕክምናውን ከሚያደርገው ሐኪም ጋር በመመካከር ሊመረጥ ይገባል፤ መርፌው ያለፈበት መስመር በካንሰር ሴሎች ሊበከል ስለሚችል በቀዶ ሕክምናው ጊዜ አብሮ መውጣት አለበት። ሳርኮማ መሆኑ ሲረጋገጥ ደግሞ በሽታው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሠራጨው ወደ ሳንባ በመሆኑ የደረት ሲቲ ስካን ይከተላል።

ይህ ሁሉ በኢትዮጵያ የጤና አገልግሎት አወቃቀር ውስጥ ሲታይ ምን ይመስላል? የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግምት እንደሚያመለክተው እ.ኤ.አ. በ2020 በአገሪቱ ከ77 ሺህ በላይ አዲስ የካንሰር ታማሚዎች ነበሩ። ከፍተኛውን ድርሻ የያዙት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር በመሆናቸው እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2020 የነበረው የመጀመሪያው ብሔራዊ የካንሰር መከላከልና መቆጣጠር ዕቅድ በእነዚህ ላይ ማተኮሩ ተገቢ ነበር። ብርቅ ለሆነው ሳርኮማ የተለየ ዘመቻ መጠየቅም አሳማኝ አይሆንም። የሚያስፈልገው አሁን ያለውን የሪፈራል ሰንሰለት በሚገባ መጠቀም ነው።

በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዎችን እስከ ቀበሌ አድርሷል። ከዕንቁላል የሚበልጥና እያደገ ያለ እብጠት ያለበትን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። እብጠቱን ወጌሻ እንዳያሸው፣ በጋለ ብረት እንዳይተኮስ መምከርም እንዲሁ። ጸበል የሚጠቀመውን ሰው በተመለከተ ምርመራውንም ጎን ለጎን እንዲያደርግ ማግባባቱ ከክርክር ይልቅ ፍሬ እንደሚያፈራ በሌሎች የጤና ሥራዎች ታይቷል።

ችግሩ የሚጠብበው ከዚያ በላይ ነው። የኤም አር አይ አገልግሎት በአብዛኛው በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች፣ በተለይም በግል ተቋማት የተከማቸ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች በሙከራ ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ቤተሰቦችን ከሕክምና ወጪ ታድጓል። ይሁን እንጂ በመንግሥት ሆስፒታል መሣሪያው ሳይኖር ወይም ተበላሽቶ ሲቀር አባሉ ከኪሱ ከፍሎ በግል ለመመርመር ይገደዳል፤ አለዚያም ምስሉ ይዘለልና በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ይገባል። ርካሽ የመሰለው መንገድ በኋላ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና፣ የጨረር ሕክምናና ሠርቶ የማደር አቅም ማጣትን ያስከትላል። የጨረር ሕክምና እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ እንደነበር፣ እንደ ጅማ ባሉ የክልል ከተሞች ማዕከላት የተከፈቱትም ከዚያ በኋላ እንደሆነ ሲታሰብ፣ ተጨማሪ ታማሚ ወደዚያ ወረፋ የሚጨምር ማንኛውም ስሕተት ዋጋው ከፍተኛ ነው።

የግዥ ውሳኔ በሚሰጡ አካላት ዘንድ መሣሪያውን ማስገባት እንደ ዋና ግብ ሲወሰድ ይስተዋላል። የተለመደው የኤም አር አይ ማግኔት ግን በፈሳሽ ሄልየም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ቀዝቅዞ የሚቆይ ነው። ማቀዝቀዣው ሌሊትም፣ በዓል ቀንም መሥራት አለበት። ኃይል በተደጋጋሚ በሚቋረጥበት ከተማ መጠባበቂያ ጄኔሬተር፣ የጥገና ውልና መለዋወጫ በግዥው ሰነድ ውስጥ ካልተካተቱ ሪባን የተቆረጠለት ክፍል በአጭር ጊዜ ሊቆለፍ ይችላል። ለእጅና ለእግር ምርመራ የሚያገለግሉት ተቀባይ ጥቅልሎችም ከዋናው ማሽን ጋር አብረው መታዘዝ ይኖርባቸዋል። በአካላቸው ውስጥ የጥይት ወይም የቦምብ ፍንጣሪ የቀረባቸው ሰዎች ወደ ማግኔቱ ከመግባታቸው በፊት በራጅ መጣራት እንዳለባቸውም መዘንጋት የለበትም፤ የጦርነት ጠባሳ በበዛበት አገር ይህ ተራ ማሳሰቢያ አይደለም።

በአሁኑ ወቅት ብዙ የሚወራለት ሰው ሠራሽ አስተውሎትም በዚህ መስክ ውጤት ማሳየት ጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2023 የለንደኑ ሮያል ማርስደን ሆስፒታልና የካንሰር ምርምር ተቋሙ ባለሙያዎች ከሆድ ዕቃ ጀርባ የሚወጡ ሳርኮማዎችን የሲቲ ስካን ምስል የሚመዝን ዘዴ ይፋ አድርገዋል። ዘዴው የዕጢዎቹን የአደገኝነት ደረጃ በ82 በመቶው ላይ በትክክል ሲለይ፣ የናሙና ምርመራው የለየው 44 በመቶውን ነበር። ይሁንና ጥናቱ የተሠራው ሳርኮማ መሆናቸው በታወቀ ሁለት የዕጢ ዓይነቶች ላይ በመሆኑ፣ በወረዳ ሆስፒታል ያለን ያልታወቀ እብጠት ለመለየት ያስችላል ብሎ መቸኮል አይገባም።

በአጭር ጊዜ ለውጥ ሊያመጣ የሚችለው የምስል ሪፖርቱ አጻጻፍ ነው። የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ ለለስላሳ አካል ዕጢዎች ከ0 እስከ 6 ደረጃ ያለው ወጥ የሪፖርት ማዕቀፍ ለማዘጋጀት ሠርቷል። ቁጥሩን ያየ ሐኪም ታማሚውን ማሰናበት፣ መከታተል ወይም ወደ ማዕከል መላክ እንዳለበት ይረዳል። ብዙ ጊዜ እንደሚታየው «ዕጢ አለ፣ ከሌሎች ምርመራዎች ጋር ይታይ» የሚል ሪፖርት ግን ለላኪው ምንም አይነግረውም። ራዲዮሎጂስቱም ቢሆን በመጠየቂያው ወረቀት ላይ «እብጠት» ከሚለው ቃል በቀር ካልተጻፈለት የታማሚውን ዕድሜ፣ እብጠቱ መቼ እንደጀመረና ከዚህ ቀደም ተነክቶ እንደሆነ ሳያውቅ እንዲያነብ ይገደዳል።

ለሪፈራል በሚውለው ቅጽ ላይ ለግብረ መልስ የተተወ ክፍል አለ። የላከው ተቋም ስለ ታማሚው ውጤት የሚያውቀው ተቀባዩ ሆስፒታል ይህን ክፍል ሞልቶ ሲመልስለት ነው። ክፍሉ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይቀራል። በጤና ጣቢያው ያለው ጤና መኮንንም የላከው እብጠት ሊፖማ ይሁን ሳርኮማ ሳያውቅ ቀጣዩን ታማሚ ይቀበላል።